የፒካፕ ጭነት፦ ከክብደቱ ይልቅ ቁመቱ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በጅቡቲ ከተማና ከከተማዋ በሚወጡት መንገዶች ላይ በየዕለቱ ስለምናየው ስለ ፒካፕ መኪና ነው። በተለይም ካሶኒው ላይ ስለሚሠራው ማደሪያ ሳጥን፣ ጣሪያው ላይ ስለሚታሰረው ድንኳን፣ ከዚያ ወዲያም ስለሚደረደረው ውሃ፣ ነዳጅና ዕቃ እንነጋገራለን። እንግዳ ይዘው ወደ አሳል ሐይቅ፣ ወይም አዋሻችን ጉዞውን ወደሚጨርስበት ወደ አቤ ሐይቅ የሚወጡ ሾፌሮች፣ ለመስክ ሥራ ወደ ዲኪልና ታጁራ የሚሄዱ ሠራተኞች፣ ከባልባላ ወደ ገጠር ሸቀጥ የሚያደርሱ ነጋዴዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ይህ መኪና ይህን ጭነት ይችለዋል ወይ? ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ በኪሎ ነው፤ «ይችላል፣ የአንድ ቶን መኪና ነው» ይባላል። እኛ የምንለው ግን ኪሎው ብቻውን መልስ እንደማይሆን ነው። ያው ኪሎ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል የሚለው ከክብደቱ እኩል መታየት አለበት። እንዲያውም ይበልጥ ያሳስባል፤ ምክንያቱም የበዛ ክብደት ራሱን በራሱ ያስታውቃል፣ የበዛ ቁመት ግን መኪናው ሊገለበጥ እስኪቃረብ ድረስ ምንም ምልክት አይሰጥም።

ቢሆንም ከክብደቱ መጀመር ግድ ነው። ገበያ ላይ «ባለ አንድ ቶን» የሚባል ፒካፕ አንድ ቶን ዕቃ ይጫንበታል ማለት አይደለም። ፋብሪካው የሚወስነው ጠቅላላ የተፈቀደውን ክብደት ነው፤ መኪናው ራሱ፣ ነዳጁ፣ ሰዎቹና ዕቃው ተደምረው ሊያልፉት የማይገባ ልክ ማለት ነው። ቁጥሩ እዚህ ካርት ግሪዝ በሚባለው፣ እኛ ሊብሬ በምንለው የመኪናው ሰነድ ላይ፣ እንዲሁም በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ በሚገኘው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ይፈለጋል። ከዚህ ቁጥር የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው ነው የመጫን አቅም። እስቲ ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ እንሥራው። ጠቅላላ ልኩ 2900 ኪሎ፣ ባዶው 2000 ኪሎ የሆነ ደብል ጋቢና ፒካፕ እንውሰድ። 900 ኪሎ ይተርፈናል። ሾፌሩን ጨምሮ አምስት ሰው፣ እያንዳንዱ 75 ኪሎ ቢሆን 375 ይወስዳል፤ 525 ቀረ። የፊት መከላከያ ብረት 60፣ የጣሪያው ፖርቶ መጋላ ከነድንኳኑ 100፣ ሁለተኛ ስኮርታ ጎማ 35፣ በድምሩ 195 ኪሎ ነው፤ 330 ቀረ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 150 ሊትር ከነጀሪካኑ 160 ኪሎ ይሆናል፤ 170 ቀረ። 40 ሊትር መጠባበቂያ ናፍጣ ከነመያዣው 42 ኪሎ ነው፤ 128 ቀረ። ምግቡ፣ የበረዶ ሳጥኑ፣ የጋዝ ምድጃውና ድስቱ 80 ኪሎ ቢመዝኑ 48 ይቀራል። ክሪኩ፣ አካፋው፣ ከአሸዋ ማውጫው ሳንቃና የመፍቻው ሳጥን 40 ኪሎ ከወሰዱ ደግሞ የተረፈው 8 ኪሎ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ እስካሁን ካሶኒው ላይ ማደሪያ ሳጥን አልሠራንም። በብረት ማዕዘንና በላሜራ የሚበየድ ሳጥን ደግሞ ብቻውን በቀላሉ 300 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ሳጥን ለማሠራት ያሰበ ሰው ከብየዳው በፊት ይህን መቀነስ በወረቀት ላይ ሠርቶ፣ ወይ ሰው ወይ ዕቃ መቀነስ እንዳለበት አውቆ መግባት ይኖርበታል።

ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታም ድምሩን ይለውጠዋል። የቶዮታ ሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከኋላ አክስሉ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ተርፎ ቢቀመጥ፣ የኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚጨመረው 300 ሳይሆን 397 ኪሎ ነው፤ ትርፉ 97 ኪሎ ከፊት ጎማዎቹ ላይ ተነሥቶ የመጣ ነው። የፊቱ ሲቀል መሪው ይለሰልሳል፣ የፊት ፍሬን መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል፣ የሌሊት መብራቱም ወደ ላይ ይቀናና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ደብል ጋቢና ፒካፕ ካሶኒው አጭር፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ስለሆነ፣ ከበሩ አልፎ የሚወጣ ነገር ሁሉ ከአክስሉ በስተኋላ ይንጠለጠላል። በሌሎች አገሮች ለፒካፕ ተብለው የሚሠሩ ማደሪያ ሳጥኖች የክብደት ማዕከላቸው የት እንዳለ በጎናቸው ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ያ ምልክት ከኋላ አክስሉ ፊት ለፊት ወይም ቢበዛ በላዩ ላይ እንዲያርፍ ይጠበቃል። ለማደሪያ ሳጥን ሲንግል ጋቢና የሚመረጠው ካሶኒው ረጅም በመሆኑ ለዚህ ምቹ ስለሆነ ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ደብል ጋቢናውን ቢመርጥ አያስወቅሰውም፤ ሳጥኑን ግን አሳጥሮና አቅልሎ ማሠራት አለበት።

ይህ ሁሉ ክብደት በጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ሌላ መልክ ይይዛል። በሰኔና በነሐሴ መካከል ካምሲን የሚባለው ደረቅና የጋለ ነፋስ ሲነፍስ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩም ይብሳል። ጎማ የሚፈነዳው ጭነትና ሙቀት ሲደራረቡበት፣ በተለይም ውስጡ ያለው ነፋስ አንሶ ጎኑ እየታጠፈ ሲሄድ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል፤ ለምሳሌ 112 የሚል ቁጥር 1120 ኪሎ ማለት ነው። ያ ግን ተገቢው ነፋስ ሲኖረው ነው። በግራንድ ባራ ሜዳ ወይም ከአስ ኤላ ወደ አቤ ሐይቅ በሚወስደው ያልተነጠፈ መንገድ ላይ አሸዋ ሲያስቸግር ሾፌሮች የጎማውን ነፋስ ይቀንሳሉ፤ ትክክል ነው፣ ይረዳል። አደጋው የሚመጣው ተመልሶ አስፋልት ላይ ሲወጣ ሳይሞላ ሲቀር ነው። ፍሬኑም እንዲሁ ነው። አርታ ከባሕር ጠለል 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። 3000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከዚያ ከፍታ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 25 ዲግሪ ላይ ያለ ከ60 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን ሞተሩና አየሩ ይይዙታል፤ ሾፌሩ በአነስተኛ ማርሽ ካልወረደ ግን ቀሪው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ወደ አሳል የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ አይቆምም፤ ከዚያም 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በመላው አፍሪካ ዝቅተኛ ወደሆነው ቦታ ነው የሚደርሰው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ የሚያመሳስለው ባሕርይ አለው። የበዛ ክብደት ምልክት ይሰጣል። ባሌስትራው ይተኛል፣ የመኪናው ኋላ ዝቅ ይላል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ያቃስታል፣ ጎማው ይግላል፣ ፍሬኑ ይሸታል። ልምድ ያለው ሾፌር እነዚህን ያነባል። ቁመት ግን ከዚህ አንዱንም አያሳይም፤ የዝግጅታችን ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው።

አንድ መኪና ኩርባ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አለ። ይህ ኃይል ሲበረታ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይሆናል፤ ወይ ጎማው መሬቱን ይለቅና መኪናው ይንሸራተታል፣ ወይ ጎማው ይዞ ይቀርና መኪናው ይገለበጣል። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስኑት ሁለት ልኮች ናቸው፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት እና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታ። የርቀቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የመኪናውን አለመገልበጥ ይለካል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤትም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪኖች ለመገልበጥ ያላቸውን ተጋላጭነት ለሕዝብ ሲያስታውቅ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን መኪናው የተረጋጋ ነው። በጎማዎቹ መካከል 1.54 ሜትር ያለው፣ ባዶውን የክብደት ማዕከሉ 70 ሳንቲሜትር ላይ የሆነ ፒካፕ ብንወስድ ቁጥሩ 1.1 ይሆናል። ደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ጎማ የሚይዘው ኃይል ደግሞ በዚሁ መለኪያ 0.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ባዶው ፒካፕ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። ጎማው ይጮኻል፣ መኪናው ከመስመሩ ይወጣል፣ ሾፌሩ ይደነግጣል፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል። ያ መንሸራተት ማስጠንቀቂያው ነው።

አሁን እዚያው መኪና ላይ አራት ሰዎችንና 600 ኪሎ ዕቃ እንጫን፤ ድምሩ 2900 ኪሎ፣ ሕጋዊ ልኩ ላይ ማለት ነው። ዕቃው ካሶኒው ወለል ላይ ተጠቅጥቆ፣ የክብደቱ መሃል ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ቢያርፍ ቁጥሩ ወደ 0.98 ይወርዳል። ያው 600 ኪሎ፣ አንድም ኪሎ ሳይጨመርበት፣ ረጅም ሳጥን ውስጥ በመደርደሪያና በጣሪያ ላይ ተከፋፍሎ የክብደቱ መሃል 1.6 ሜትር ላይ ቢያርፍ ቁጥሩ 0.85 ይሆናል። ይህም በወረቀት ላይ ነው። መኪናው ሲዞር ባሌስትራው ስለሚያዘነብልና ጎማው ስለሚታጠፍ ትክክለኛው ልክ ከዚህም ያንሳል፤ ወደ 0.7 ይጠጋል። እንግዲህ ጎማው 0.8 ድረስ ይይዛል፣ መኪናው ግን 0.7 ላይ ይገለበጣል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ባዶውን ሲንሸራተት ያስጠነቅቅ የነበረው መኪና ከፍ አድርገው ሲጭኑት ማስጠንቀቂያውን ያጣል። ሚዛን ላይ ቢወጣ የሁለቱም አጫጫን ንባብ 2900 ኪሎ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሰነድ ቢመለከት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ባሌስትራውም በሁለቱም እኩል ነው የሚተኛው። ልዩነቱን የሚያሳይ አንድም መሣሪያ መኪናው ላይ የለም።

ይህ የወረቀት ሂሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቴክኒከንስ ቫርልድ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲስ ሃይሉክስን ጭነት ጭኖ ድንገት መንገድ ላይ ከገባ እንስሳ የመሸሽ ሙከራ አድርጎበት ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ መኪናው በሁለት ጎማ ቆመ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቀድሞው ሞዴልም በዚያው መጽሔት ሙከራ ተመሳሳይ ችግር አሳይቶ ነበር። ቶዮታ ከ2016ቱ በኋላ ማስተካከያ አድርጎ በቀጣዩ ዓመት መኪናው ሙከራውን አልፏል። ፍትሐዊ ለመሆን ይህንንም መናገር ይገባል። ግን ማስተካከያው የመጣው አንድም ፖርቶ መጋላ፣ ድንኳን ወይም ሳጥን ላልተጨመረበት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ መኪና ነው። በዲኪል መንገድ ላይ ፍየል ወይም ግመል ድንገት ሲገባ መሪውን የሚያጥፍ ሾፌር ያለበት ሁኔታ ከዚያ ሙከራ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የተጫነው ከፍ ያለ መሆኑ ነው።

ጭነት ዝቅ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት የዚህ አካባቢ ሰዎች ከመኪና በፊት ያወቁት ነገር ነው። ከአሳል ጨው የሚያወጡ የአፋር ቅፍለት ነጋዴዎች ጨዉን በግመሉ ሻኛ ላይ አይቆልሉትም፤ በግራና በቀኝ ጎኑ እኩል አድርገው፣ ከሻኛው ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያስሩታል። ካሶኒውም እንዲሁ ነው የሚጫነው። ውሃው፣ ባትሪው፣ ናፍጣው፣ የመፍቻ ሳጥኑና ስኮርታው ከታች፣ ወለሉ ላይ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግተው፤ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ባዶ ሳጥኑና ልብሱ ከላይ። ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። 200 ሊትር በርሜል ግማሹ ሲጎድል ውሃው ከጎን ወደ ጎን ይናወጣል፤ መኪናው ባዘነበለበት ጎን እየተከማቸ መዘንበሉን ያብሰዋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ይሻላሉ፤ ያም አንዱን ጨርሶ ሌላውን መክፈት ነው እንጂ ሁሉንም በእኩል አያጎድሏቸውም።

የሳጥኑ የራሱ ቁመት ደግሞ በሦስት ልክ ይወሰናል። አንደኛው ከጋቢናው ጣሪያ ጋር ያለው ክፍተት ነው። መኝታው ከጋቢናው በላይ ወደ ፊት የሚዘልቅ ሳጥን የሚያሠራ ሰው በጋቢናው ጣሪያና በሳጥኑ መካከል 10 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት መተው አለበት፤ ጋቢናውና ካሶኒው በሻንሲው ላይ የተቀመጡት ለየብቻ ስለሆነ ኮረኮንች መንገድ ላይ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ያለ ክፍተት የተሠራ ሳጥን በጥቂት ጉዞ ጣሪያውን ይቀደዋል፣ ወይም ብየዳው ይሰነጠቃል። ከመጠን በላይ ክፍተት የሚተውም ሳጥኑን ያለ ምክንያት ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ነፋስ ነው። ሳጥኑ ከካሶኒው በላይ የሚጨምረው የጎን ስፋት 4 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 80 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል፤ ነፋሱ 80 ሲደርስ ግፊቱ 140 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የሚገፋውም ከላይ በኩል፣ ለመገልበጥ በሚያመች ቦታ ላይ ነው። ሦስተኛው የሚታለፍበት በር ነው፦ የግቢ በር፣ የጋራዥ መግቢያ፣ ወደ ታጁራ የሚያሻግረው ፌሪ፣ ወይም መኪናው አንድ ቀን በኮንቴይነር መላክ ካለበት የኮንቴይነሩ በር። የተለመደው ኮንቴይነር በር ከፍታው 2.28 ሜትር ነው፤ ከፍ ያለው ዓይነት 2.58 ሜትር ይደርሳል። ሃይሉክስ ራሱ 1.8 ሜትር ስለሚሆን በተለመደው በር ለመግባት ከጣሪያው በላይ ያለው ትርፍ ከ48 ሳንቲሜትር ያነሰ ነው። ሳጥኑ ሲያልቅ ከመሬት እስከ ጫፉ ተለክቶ ቁጥሩ ሾፌሩ ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ሥር ቢለጠፍ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርቡ መከራከሪያዎች አሉ፤ የተለመዱትን እንመልከት። መጀመሪያ የሚነሣው «ባሌስትራ እንጨምርበታለን» የሚል ነው። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው አይተኛም፣ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻንሲው አልተጨመረላቸውም፤ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደትም ሰነዱ ላይ እንደነበረ ነው። ይባስ ብሎ ተጨማሪው ባሌስትራ የመኪናውን ኋላ ከፍ ስለሚያደርገው ጭነቱም አብሮ ከፍ ይላል። ክብደቱ ሲበዛ መተኛት የነበረበት መኪና ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሾፌሩ የክብደቱንም ምልክት ያጣል። የደከመ ባሌስትራ በአዲስ መተካት ተገቢ ጥገና ነው፤ ከልክ በላይ ለመጫን ተብሎ የሚጨመረው ግን የነበረውን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ይላል። ይህ ከሁሉም የተሻለው መልስ ነው፤ እውነትነት አለው። 40 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ በሰዓት 40 ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በዚያው መለኪያችን 0.31 ነው፤ በ60 ሲዞር 0.71 ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ኃይሉ ከእጥፍ አለፈ ማለት ነው፤ ያ 0.71 ደግሞ ከፍ ተደርጎ የተጫነው መኪናችን የሚገለበጥበት ልክ ነው። ስለዚህ ቀስ ማለት በእርግጥ ያድናል፤ ኩርባውን ሾፌሩ አስቀድሞ ካየው። እንስሳ ሲገባ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ከፊት የሚመጣው ተሳቢ መስመሩን ሲለቅ ግን የመሪውን አጠማዘዝ የሚመርጠው ሾፌሩ አይደለም። ብዙዎቹ መገልበጦችም የሚደርሱት በኩርባ ሳይሆን ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወጥቶ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲሰምጥ ወይም ድንጋይ ሲመታ ነው። ያኔ ቀስ ማለትም ላይበቃ ይችላል፤ ዝቅ ብሎ የተጫነ ጭነት ግን እዚያም ይረዳል።

«ለዓመታት እንዲህ ጭነን ሄደናል፣ ምንም አልሆነም» የሚለውም ይሰማል። ከላይ ያየነው ልዩነት መልሱን ይዟል። ከፍ ያለ ጭነት በየቀኑ የሚያሳየው ነገር ስለሌለ፣ ያለ ችግር ያለፉት ጉዞዎች ስለ ልኩ ምንም አያስረዱም፤ የሚያስረዱት ያ ድንገተኛ ነገር እንዳልመጣ ብቻ ነው። የመጨረሻው መከራከሪያ የገንዘብ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ሁለት ጊዜ መመላለስ ነዳጁን እጥፍ ያደርጋል፤ እንግዳው የከፈለው ለአንድ መኪና ነው፤ ነጋዴው ትርፉ ጠባብ ነው። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ጭነቱን ዝቅ ማድረግ ነዳጅ አይፈጅም። ያው ዕቃ፣ ያው መኪና፣ ያው ጉዞ ነው፤ የሚጠይቀው ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሞ መጀመርና ካሶኒውን ባዶ አድርጎ እንደገና መደርደር ነው። ሳጥን የሚያሠራውም ሰው ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይልቅ ቀላል አሉሚኒየምና ሸራ ቢመርጥ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያወጣውን ትርፍ ብር በጎማና በነዳጅ መልሶ ያገኘዋል። የሚጫነውን ሰው ቁጥር የሚወስነው ባለቤቱ እንጂ ሾፌሩ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄው ባለቤቱም ጋ መድረስ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ በግምት መሄድ እንደማያዋጣ ከዚሁ ከተማ ወደብ መማር ይቻላል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ መሠረት ክብደቱ ተረጋግጦ ያልተመዘገበ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም፤ በዶራሌም ሆነ በሌላ ወደብ። ሕጉን ካስገደዱት ነገሮች አንዱ በ2007 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ አደጋ የደረሰባት ኤምኤስሲ ናፖሊ የተባለችው መርከብ ጉዳይ ነው፤ በመርከቧ ወለል ላይ ደርቀው ከቆዩት 660 ገደማ ኮንቴይነሮች መካከል 137ቱ ከተመዘገበላቸው ክብደት ከ3 ቶን በላይ ልዩነት ተገኝቶባቸዋል። ሥራቸው ጭነት የሆነ ድርጅቶች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ ካሶኒ ላይ ዕቃ የሚወረውር ሰው በዓይኑ ገምቶ ሊያውቅ አይችልም። ከባድ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ፒካፕንም ይመዝናል። ለጉዞ እንደተዘጋጀ፣ ሰው፣ ውሃና ነዳጅ ተሞልቶ ይምጣ፤ መጀመሪያ ሙሉው መኪና፣ ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ ብቻ፣ ከዚያም የኋላዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ይቁሙ፤ ሦስቱም ቁጥሮች ይጻፉ። ሙሉው ከጠቅላላው ልክ፣ የፊቱና የኋላው ደግሞ በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ለየብቻ ከተጻፈው የአክስል ልክ ጋር ይነጻጸራል። ብዙ ጊዜ ድምሩ ልክ ሆኖ የኋላው ብቻ ያልፋል፤ ያኔ ከባዱን ዕቃ ወደ ጋቢናው ማስጠጋት ሊበቃ ይችላል። ድምሩም ካለፈ የሚወርድ ዕቃ መፈለግ አለበት። መጀመሪያ የሚወርደውም ጣሪያው ላይ ያለው ነው፤ ከዚያ የሚነሣ አንድ ኪሎ ክብደቱንም ቁመቱንም በአንድ ጊዜ ይቀንሳልና።